ጉልበቱ ከግማሽ በታች፣ ዋጋው ግን ተቀራራቢ፦ የቲ.50ኤስ ኒኪ ላውዳ ነገር

ማርሽ ቀያሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ታርጋ ስለማይለጠፍላቸውና በውድድር ሜዳ ብቻ ስለሚነዱ ውድ መኪናዎች ሳነብ አንድ ነገር ግር ስላለኝ የምታውቁ እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። መኪና አምራቹ ቡጋቲ ቦሊድ የተባለውን መኪና 40 ብቻ ለመሥራት ወስኖ፣ ባለ 8 ሊትርና ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር ከ4 ተርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋ መሣሪያ) ጋር ገጥሞለት፣ 1600 የፈረስ ጉልበት አውጥቶበት፣ ግብር ሳይጨመር 4 ሚሊዮን ዩሮ ጠየቀበት። ይህ ይገባኛል። የእንግሊዙ ጎርደን ሙሬይ አውቶሞቲቭ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2021 ያስተዋወቀው ቲ.50ኤስ ኒኪ ላውዳ ግን ባለ 3.9 ሊትር፣ ባለ 12 ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ይዞ፣ ጉልበቱ 735 ሆኖ ሳለ 3.1 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠይቆበታል፤ ያውም ግብሩን ሳይጨምር። የሚሠራው 25 ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከግማሽ በታች ለሆነ ጉልበት ይህን ያህል የሚከፍል ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? ከኋላው የተገጠመው ትልቅ ማራገቢያስ ሥራ አለው ወይስ ለዓይን ነው?

ካምቢዮ

የመጀመሪያው መልስ ክብደቱ ነው። ቲ.50ኤስ ሲተዋወቅ 852 ኪሎ እንደሚመዝን ተገልጿል፤ ቦሊድ ግን 1450 ኪሎ ይመዝናል፤ ልዩነቱ 600 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሞተር አምራቹ ኮስዎርዝ የሠራው ሞተር ለብቻው 162 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ በደቂቃ እስከ 12,100 ዙር ይሽከረከራል። ተርቦ ቢጨመርበት ጉልበቱ እንደሚያድግ ጥርጥር የለውም፤ ነገር ግን ከተርቦው ጋር ቱቦው፣ ማቀዝቀዣውና ተጨማሪው ራዲያተር አብረው ስለሚመጡ መኪናው ይከብዳል፣ ነዳጅ ሲረገጥም ሞተሩ ለመመለስ ይዘገያል። በመደበኛ መንገድ የሚነዳው ወንድሙ፣ የመንገዱ ቲ.50፣ ነጂው በእጁ የሚቀይረው ካምቢዮ ሲኖረው፣ በዚህኛው ግን ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ባሉት መቅዘፊያ መሰል ማንሻዎች ነው፤ እጅ ከመሪ ሳይነሳ ለመቀየር ነው።

የአየር ጠባይ

ካምቢዮ የጻፉት ልክ ነው፤ ለብቻው ግን ጥያቄውን አይመልስም። ጉልበቱን ለክብደቱ ብናካፍለው ቦሊድ በቶን 1100 ያህል የፈረስ ጉልበት ሲደርሰው፣ ቲ.50ኤስ የሚደርሰው 860 ገደማ ነው። ስለዚህ በቀጥተኛው መንገድ ላይ ቦሊድ መቅደሙ አይቀርም፤ የቲ.50ኤስ ዋጋ መታየት ያለበት ኩርባው ላይ ነው።

ጎማ ኩርባ ላይ መሬት የሚይዝበት አቅም የሚወሰነው በላዩ ባረፈው ጫና ልክ ነው። ጫናውን በክብደት ብናሳድገው ግን ያ ክብደት ራሱ መኪናውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ትርፍ የለንም። ክብደት ሳይጨምር ጫና ብቻ የሚጨምረው አየር ነው፤ ዳውንፎርስ የሚባለው ይኸው አየሩ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል ነው። ቲ.50ኤስ ሲተዋወቅ ይህ ኃይል እስከ 1500 ኪሎ እንደሚደርስ ተገልጿል፤ ይህም ከመኪናው የራሱ ክብደት አንድ ጊዜ ከሦስት ሩብ ያህል ነው።

ማራገቢያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፈው አየር በጠባቡ ክፍተት ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ መኪናውም ወደ ታች ይሳባል። ከኋላ ዲፊዩዘር የሚባለው ወደ ላይ የሚያቀና የወለል ክፍል ደግሞ ለዚህ አየር መውጫውን ያሰፋለታል። ዲፊዩዘሩ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ስበቱ ይጨምራል፤ ከልክ ካለፈ ግን አየሩ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ መጓዝ ይሳነውና ይላቀቃል፣ ይታወካል፣ ስበቱም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ሌሎች መሐንዲሶች ዲፊዩዘሩን ለዘብ አድርገው ለመሥራት ይገደዳሉ። በቲ.50ኤስ ላይ ስፋቱ 400 ሚሊሜትር የሆነው ማራገቢያ በ48 ቮልት ኤሌክትሪክ ሞተር በደቂቃ 7000 ዙር እየተሽከረከረ፣ ከወለሉ ጋር እየታከከ የሚዘገየውን ስስ የአየር ንጣፍ በቀዳዳዎች በኩል መጥጦ ያወጣዋል፤ የቀረው አየር ሽቅቡን ዲፊዩዘር ሳይለቅ ይከተላል። በመንገዱ ቲ.50 ላይ ማራገቢያው እንደ ሁኔታው ሥራውን ይቀያይራል፤ በሜዳው መኪና ላይ ግን ምርጫ የለም፣ ሁልጊዜም ከፍተኛውን ጫና ለማስገኘት ይሠራል። ከዚህ ላይ ስፋቱ 1758 ሚሊሜትር የሆነ የኋላ ክንፍና ከጣሪያው ጀርባ የተዘረጋ ረጅም ቀጥ ያለ ክንፍ ይጨመራሉ፤ የኋለኛው ጥቅሙ መኪናው ኩርባ ላይ ኋላው እንዳይከዳው ማረጋጋት ነው።

አየሩ የሚሰጠው ጫና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንደሚያድግ ልብ ይሏል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጫናው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 1500 የነበረው 375 ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ በዝግተኛው ኩርባ አየሩ ብዙም ስለማይረዳ ነጂውን የሚያድነው ቀላልነቱ ነው፤ ካምቢዮ የጠቀሱት 852 ኪሎ ዋጋ የሚያወጣው ያኔ ነው።

አሮጌው ፒስተን

የስሙ ምክንያት ሳይነሳ እንዳያልፍ ብዬ ነው። መኪናው የተዋወቀበት ፌብሩዋሪ 22 የፎርሙላ ዋን እሽቅድድም ነጂው የኒኪ ላውዳ የልደት ቀን ነው፤ ማራገቢያውም ከዚያው ከላውዳ ታሪክ የመጣ ነው። በ1978 ጎርደን ሙሬይ ላውዳ ይነዳለት የነበረው የብራባም ቡድን መሐንዲስ ሳለ፣ ተፎካካሪው ሎተስ 79 በሆዱ ሥር ባበጀው የአየር መተላለፊያ ሁሉንም እየቀደመ ነበር። ብራባም ይህን መኮረጅ አልቻለም፤ የያዘው የአልፋ ሮሜዮ ሞተር ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ሰፊ ሞተር በመሆኑ ለመተላለፊያው ቦታ አልነበረውም። ሙሬይም ከመኪናው ኋላ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ፣ ዳር ዳሩን በመጋረጃ ዘግቶ፣ አየሩን ከሥሩ አስወጣ። ደንቡ ለአየር ጫና ተብሎ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሚከለክል፣ ማራገቢያው ሞተር ለማቀዝቀዝ ነው ተባለ! መኪናው ሲቆም ማራገቢያው በቆሻሻ በርሜል ክዳን ይሸፈን ነበር፤ መኪናው እንደቆመ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ወደ መሬት ዝቅ ሲል ሁሉም ያይ ስለነበር ክዳኑ ብዙም አልደበቀም። ጁን 17 ቀን በስዊድን አንደርስቶርፕ ሜዳ ላይ ከተወዳዳሪው ከፒሮኒ መኪና ዘይት ሲፈስ ሌሎቹ ሲንሸራተቱ፣ ላውዳ የሎተሱን ነጂ አንድሬቲን አልፎ ከ34 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አሸነፈ። ድሉ ጸደቀለት፤ መኪናው ግን ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም።

ቁጥር ወዳጅ

እኔ እንኳ ዋጋውን በምሕንድስና ብቻ ማስረዳት አያሳምነኝም። የሻጩ ብልሃትም አለበት። 25ቱ መኪናዎች እያንዳንዳቸው ሙሬይ የነደፋቸው መኪናዎች ባሸነፉበት ግራንድ ፕሪ (የፎርሙላ ዋን ውድድር) ስም ይጠራሉ፤ የመጀመሪያው በደቡብ አፍሪካ የብራባም ነጂው ሮይተማን ባሸነፈበት ውድድር ስም ኪያላሚ 1974 ተብሏል። ሙሬይ ራሱ የተወለደው በዚያው አገር፣ ደርባን ውስጥ ነው። ስም የተሰጠው ዕቃ ደግሞ ሰብሳቢው ዘንድ ዋጋው ሌላ ነው፤ የብዙዎቹ ዕጣም ከሜዳው ይልቅ መጋዘን ውስጥ መሸፈን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ለገዢው መለዋወጫ፣ የማስተካከያ መሣሪያና የነጂነት ሥልጠና ያካተተ ጥቅል መቅረቡን ግን አልክድም፤ እንዲህ ያለ መኪና ያለ እነዚህ ከቆመበት አይንቀሳቀስም።

ማርሽ ቀያሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአየር ጠባይን አንድ ነገር ልጨምርባቸው፤ ቲ.50ኤስም እንደ 1978ቱ ብራባም ቆሞ ሳለ ወደ መሬት ይሳባል ማለት ነው? ሁለተኛ መቀመጫ አለው የሚባለውስ እውነት ነው?

የአየር ጠባይ

አይሳብም። ብራባም ዙሪያውን በመጋረጃ የተዘጋ በመሆኑ ማራገቢያው ከሥሩ ያለውን አየር በሙሉ ማስወጣት ይችል ነበር። ቲ.50ኤስ መጋረጃ የለውም፤ ማራገቢያው የሚረዳው የሚያልፈውን አየር ስለሆነ አየሩ እንዲያልፍ መኪናው መሮጥ አለበት። የብራባምን መንገድ ዛሬ የያዘው የእንግሊዙ ማክመርትሪ ስፒርሊንግ የተባለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ሥሩ የተዘጋ በመሆኑ ቆሞም 2000 ኪሎ ያህል ጫና ያገኛል፣ በ2022ም በእንግሊዝ የሚገኘውን የጉድዉድ የመኪና ውድድር ዳገት በ39.08 ሰከንድ ወጥቶ ክብረ ወሰን ይዟል። ለእኔ በማራገቢያ አጠቃቀም ረገድ ይህ ከቲ.50ኤስ ይልቅ ደፋር ነው፤ ባለ 12 ሲሊንደሩን ድምፅ ግን አይሰጥም።

መቀመጫውን በተመለከተ እውነት ነው። ነጂው እንደ መንገዱ ቲ.50 መሃል ላይ ይቀመጣል፤ በስተግራው አንድ ተሳፋሪ ይይዛል። በስተቀኝ የነበረው መቀመጫ ተነሥቶ ቦታው ለማብሪያ ማጥፊያ ሰሌዳውና ለእሳት ማጥፊያው ተሰጥቷል።