ቪትዝ ወይስ ኮሮላ? ለጎንደር ዳገት ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ያገለገለ መኪና ፍለጋ ላይ ነኝ፤ ምርጫው ማንዋል ቪትዝ (1.0 ሊትር ሞተር) እና ኮሮላ (1.3 ሊትር) ላይ ቆሟል። ቪትዟ ቤንዚን ትቆጥባለች። ግን ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነውና ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ አምስት ሰው ጭና የደባርቅን መንገድ መውጣቷ ያሳስበኛል።

ግራ ያጋባኝ የኮሮላዋ ጉዳይ ነው። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች 10 ባር፣ አንደኛው 7.5 አሳየ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ተጨምሮ ሲለካ 9.5 ደረሰ፤ ዘይቱ ክፍተቱን ስለደፈነው ቫልቩ ሳይሆን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ይመስለኛል። ራዲያተሩ አረፋ አያወጣም፣ የዘይት ክዳኑም ነጭ ቅባት የለበትም፤ ስለዚህ ውሃና ዘይት የተቀላቀለ አይመስለኝም። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል።

ሲሊንደሩ ተበልቶ ከሆነ ፋሻ ብቻ መቀየር ያዛልቃል? የጥገናውን ወጪ ከዋጋው አስቀንሼ ልግዛት ወይስ ልተዋት?