በብሪታንያ የገበያ ጎዳናዎች ካሉት ትልልቅ መደብሮች የትኛው ሊዘጋ እንደተቃረበ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

ጠያቂ፦ የዕቃ አቅራቢ

ጤና ይስጥልኝ። በብሪታንያ ውስጥ ለባለብዙ ቅርንጫፍ መደብሮች የቤት ቁሳቁስ በጅምላ በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕቃችንን የምናስረክበው በዱቤ ሲሆን ክፍያው የሚገባልን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ በመሆኑም ከደንበኞቻችን አንዱ በድንገት ቢወድቅ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃችንም ሆነ ገና ያልተከፈለን ሒሳብ አብሮ ተይዞ ይቀራል። በ1930 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሌስተር ከተማ የተመሠረተው ዊልኮ በኦገስት 2023 በኪሳራ አስተዳዳሪ (ዕዳውን መክፈል ያቃተውን ድርጅት በሕግ ተረክቦ በሚመራ ባለሙያ) እጅ ሲገባ 400 ያህል መደብሮችና 12,500 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ በኦክቶበር መጀመሪያ የመጨረሻዎቹ መደብሮች ተዘግተው አለቁ። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ በየጊዜው የሚያነሣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቀጣዩ ማን ነው?»

ጋዜጦች የሚያወጧቸው ዝርዝሮች እርስ በርስ አይስማሙም፤ በምን ተመርተው ስሞቹን እንደመረጡም አብዛኛውን ጊዜ አይናገሩም። በበኩሌ የአልትማንን የኪሳራ ቀመር በደንበኞቻችን ዓመታዊ ሒሳብ ላይ ሞክሬዋለሁ። ቀመሩ አብዛኞቹ አደጋ ላይ እንዳሉ ይነግረኛል፤ እነርሱ ግን ዛሬም በቀጠሯቸው ይከፍሉናል። ሁሉንም ብንተው የምንሸጥለት አይኖርም፤ ሁሉንም ብናምን ደግሞ አንዱ ይዞን ይወድቃል። በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣ አንድ መደብር መውደቂያው መቃረቡን የምታውቁት በምንድን ነው?

መልስ፦ ዱቤ ተቆጣጣሪ

ከቀመሩ ልጀምር። ኤድዋርድ አልትማን በ1968 ቀመሩን ሲያወጡ የመረመሩት 66 አምራች ኩባንያዎችን ሲሆን ግማሾቹ የከሰሩ ነበሩ። ውጤቱ ከ1.81 በታች ሲሆን አደጋ፣ ከ2.99 በላይ ሲሆን ደኅንነት ተብሎ ይነበባል። የችርቻሮ ነጋዴ ግን ገንዘቡ የሚዘዋወረው እንደ ፋብሪካ አይደለም፤ ከገዢው በዕለቱ ይቀበላል፣ ለአቅራቢው ግን የሚከፍለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ በጥሩ አቋም ላይ ያለ ሱፐርማርኬት እንኳ የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉ (በእጁ ካለው ተንቀሳቃሽ ሀብት የቅርብ ዕዳው ሲቀነስ የሚተርፈው) ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፤ ቀመሩም ይህን እንደ ሕመም ይቆጥርበታል። በዚህ ላይ ዓለም አቀፉን የሒሳብ ደረጃ የሚከተሉ ኩባንያዎች ከ2019 ጀምሮ የመደብር ኪራይ ውላቸውን በዕዳነት መመዝገብ ሲጀምሩ፣ የአገሩን የራሱን ደረጃ የሚከተሉት የግል ኩባንያዎች ወደዚህ አሠራር የገቡት ገና በ2026 ነው። እርስዎ ያወዳደሯቸው ሁለት ደንበኞች አንዱ ኪራዩን በዕዳ ያስመዘገበ፣ ሌላው ያላስመዘገበ ሊሆን ይችላል። አልትማን ራሳቸው አምራች ላልሆኑ ኩባንያዎች የተሻሻለ ቀመር ኋላ ላይ አውጥተዋል፤ እርሱን ቢጠቀሙ ይሻላል፣ ይሁንና እርሱም የሚያነበው ያለፈውን ዓመት ነው።

ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ትርፍ ሳያይ ለዓመታት የሚዘልቅ መደብር አለ፤ ሽያጩ ሳይቀንስ በአንድ ሳምንት የሚዘጋም አለ። መደብር የሚወድቀው ሌሎች ሰዎች ጊዜ መስጠታቸውን ያቆሙ ዕለት ነው። እነዚህ ሰዎች አበዳሪው፣ አከራዩ፣ አቅራቢው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአቅራቢው በስተጀርባ የቆመው የዱቤ ኢንሹራንስ ኩባንያ ናቸው። አቅራቢዎች ዕቃቸውን በዱቤ ሲያስረክቡ ገንዘባቸው ቢቀርባቸው እንዲካስላቸው እንደ አሊያንዝ ትሬድ፣ አትራዲየስ ወይም ኮፋስ ካሉ ኩባንያዎች ሽፋን ይገዛሉ። ኢንሹራንሱ ለአንድ መደብር የሰጠውን የሽፋን ጣሪያ ዝቅ ሲያደርግ ወይም ጨርሶ ሲያነሣ፣ አቅራቢዎች «በቅድሚያ ክፈሉን» ይላሉ፤ መደብሩም በሁለት ወር ውስጥ ይከፍለው የነበረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መክፈል ይጠበቅበታል። ዉልዎርዝስን በ2008 ያጋጠመው ይህ ነው። ሽፋኑ የተነሣበት ለገና ገበያ መጋዘኑን መሙላት በነበረበት ወቅት ነበር፤ በኖቬምበር በአስተዳዳሪ እጅ ገባ፣ እስከ ጃንዋሪ 2009 መጀመሪያ ድረስ ከ800 በላይ የሆኑት መደብሮቹ በሙሉ ተዘጉ። ሀውስ ኦቭ ፍሬዘርና ዴብንሃምስም ከመውደቃቸው በፊት የኢንሹራንስ ሽፋናቸው ተቀንሶባቸው ነበር።

ስለዚህ ድርጅታችሁ የዱቤ ኢንሹራንስ ካለው፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተፈቀደውን ጣሪያ በየወሩ ይጠይቁና ከቀዳሚው ጋር ያስተያዩ። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ለሕዝብ የማይወጣ የወር ሒሳብ ከመደብሮቹ በቀጥታ የሚያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። ኢንሹራንስ ከሌላችሁም ለዚያው መደብር የሚሸጡ ሌሎች አቅራቢዎችን ይጠይቁ፤ ወሬው በነሱ ዘንድ ቶሎ ይደርሳል።

የቀን መቁጠሪያውንም አይርሱ። በእንግሊዝና በዌልስ የመደብር ኪራይ በብዛት የሚከፈለው በዓመት አራት ጊዜ፣ ማርች 25፣ ጁን 24፣ ሴፕቴምበር 29 እና ዲሴምበር 25 ነው። ከገና በኋላ የመደብሩ ካዝና በገንዘብ ይሞላል፣ ክምችቱ ይቀንሳል፣ ኪራዩም ይደርሳል፤ መያዣ ያለው አበዳሪ ገንዘቡን ለማስመለስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። የካሜራ ሻጩ ጄሶፕስ፣ የሙዚቃ ሻጩ ኤችኤምቪና የፊልም አከራዩ ብሎክበስተር ሦስቱም በጃንዋሪ 2013 አንድ ሳምንት በሚያህል ጊዜ ውስጥ በአስተዳዳሪ እጅ የገቡት በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ለእናንተ የሚያሰጋው በሴፕቴምበርና በዲሴምበር መካከል የምታስረክቡት ዕቃ ነው፤ መደብሩ ይሸጠዋል፣ ገንዘቡን ግን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

መልስ፦ መዝገብ አንባቢ

ቀደም ሲል የተጻፈው ትክክል ነው፤ ሆኖም የኢንሹራንሱ ምልክት የሚመጣው በመጨረሻው ወራት ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሚታይ ሌላ ምልክት አለ፤ እርሱም ባለቤቶቹ መደብሩን ምን እንዳደረጉት ነው።

ዴብንሃምስን ተመልከቱ። በ2003 የግል ኢንቨስትመንት ድርጅቶች ገዙት፤ በ2005 ከሕንፃዎቹ 23ቱን ሕንፃ ለሚያከራየው ብሪቲሽ ላንድ በ495 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው እነዚያኑ ሕንፃዎች ለረጅም ዘመን ተከራዩ፤ በ2006 ድርጅቱን መልሰው ለአክሲዮን ገበያ አቀረቡት። ቀድሞ የራሱ በነበረ ጣራ ሥር ይሸጥ የነበረ ድርጅት ከዚያ በኋላ ገዢው ቢመጣም ቢቀርም የማይቀር ኪራይ ተሸከመ። ገዢው ፊቱን ወደ ኢንተርኔት ሲያዞር ድርጅቱ ውሎቹ ስላሰሩት መደብሮቹን መዝጋት አልቻለም። ዉልዎርዝስም ከባለቤቱ ከኪንግፊሸር በ2001 ሲለይ፣ አስቀድሞ 182 መደብሮቹ በ614 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠው ተከራይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የማንኛውንም ደንበኛ ስም ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሕንፃው የማን ነው? ውሉስ መቼ ያልቃል?» የሚለው ይሁን። ውሎቹ አጫጭር የሆኑለት መደብር ሽያጩ ሲቀንስ ቅርንጫፎቹን እያጠፈ ሊተርፍ ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው የመሸጫ ዋጋ ነው። ኮሜት በ2012 መጀመሪያ በ2 ፓውንድ ተላልፎ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወደቀ። ቢኤችኤስ በማርች 2015 በ1 ፓውንድ ተሽጦ በኤፕሪል 2016 በአስተዳዳሪ እጅ ገባ፤ የሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ጉድለት 571 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተገመተ፣ 11,000 ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። አንድ ባለቤት መቶ መደብሮችን በአንድ ሳንቲም ሲሰጥ የሚሸጠው ንግዱን ሳይሆን ኪራዩንና ጡረታውን ነው፤ ራሱን ነፃ ለማውጣት ሲል። ፓውንድላንድም በጁን 2025 በ1 ፓውንድ ለኢንቨስትመንት ድርጅቱ ጎርደን ብራዘርስ ተላልፏል። ይህ ማለት ይዘጋል ማለት አይደለም፤ አዲሱ ባለቤት ኪራይ አስቀንሶና ደካሞቹን ቅርንጫፎች ዘግቶ ሊያተርፈው ይችላል። ነገር ግን ለእንደዚህ ያለ መደብር ዕቃ የሚያስረክብ ሰው ከፊት ይልቅ ነቅቶ መከታተል ይገባዋል።

ከእነዚህ ብዙውን ለማወቅ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ የኩባንያዎች መዝገብ የሆነው ካምፓኒስ ሐውስ ኩባንያዎቹ ያስገቧቸውን ሰነዶች በነፃ ያሳያል። የግል ኩባንያ ዓመታዊ ሒሳቡን ለማስገባት ዘጠኝ ወር፣ የሕዝብ አክሲዮን ኩባንያ ስድስት ወር ስለሚፈቀድለት፣ ቁጥሮቹ ሲደርሷችሁ አርጅተዋል። እኔ ከቁጥሮቹ ይልቅ የማነበው ሌላውን ነው፤ ኦዲተሩ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል መቻሉ ላይ ጉልህ ጥርጣሬ እንዳለ ጽፎ እንደሆነ፣ የሒሳብ ማቅረቢያው ቀን ተገፍቶ እንደሆነ፣ የፋይናንስ ኃላፊው በድንገት ለቅቆ እንደሆነ፣ በተለይ ደግሞ አዲስ አበዳሪ በክምችቱ ላይ የመያዣ መብት አስመዝግቦ እንደሆነ። ባንክ ያበደረውን ሰብስቦ ሲወጣና በክምችት መያዣ በውድ የሚያበድር ድርጅት ሲተካው፣ እናንተ የላካችሁት ዕቃ የሌላ ሰው ዋስትና ሆኗል ማለት ነው።

መልስ፦ የቀድሞ የመደብር ሠራተኛ

በትሕትና የምቃወመው ነገር አለኝ። «ማን ይዘጋል?» ስንል ምኑ እንደሚዘጋ አንለይም። ኤችኤምቪ በ2013ም በ2018 መጨረሻም በአስተዳዳሪ እጅ ገብቷል፤ ዛሬም ይሸጣል፣ በኖቬምበር 2023 በለንደኑ ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመልሷል። የዴብንሃምስ መደብሮች በሜይ 2021 ሁሉም ተዘግተዋል፤ ስሙን ግን የኢንተርኔት ልብስ ሻጩ ቡሁ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ በኢንተርኔት ይሸጥበታል፣ እንዲያውም በ2025 ቡድኑ ራሱን በዚያው ስም ሰይሟል። የደብሊውኤችስሚዝ የጎዳና ላይ መደብሮች ደግሞ በ2025 ለኢንቨስትመንት ድርጅቱ ሞዴላ ካፒታል ሲሸጡ ሕንፃውና ሠራተኛው እንዳለ ሆኖ ስሙ ብቻ ተለውጧል። ስም ሊኖር መደብር ሊሞት፣ መደብር ሊኖር ኩባንያው ሊሞት ይችላል። አቅራቢው ገንዘብ የሚጠይቀው ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ኩባንያ ነው፤ እርሱ ከፈረሰ ስሙን የገዛው አዲስ ባለቤት ለአሮጌው ዕዳ አይጠየቅም።

ዝርዝር ማውጣትም ጉዳት አለው። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በ2019 ከመቶዎቹ ትልልቅ አክሲዮኖች መዝገብ ሲወጣ ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር፤ በ2023 ተመልሶ ገባ። በዚያን ጊዜ አቅራቢዎች በፍርሃት ቢሸሹት ኖሮ ግምቱ ራሱን በራሱ እውነት ያደርገው ነበር። በአንድ ትልቅ መደብር ስሠራ ስማችን በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የስጦታ ካርድ የያዙ ሰዎች ካርዳቸውን ለመጨረስ ተሰለፉ፤ ዕቃ አምጪው መኪናም በሳምንት ሁለቴ መምጣቱ ቀርቶ አንዴ ሆነ። እኛ ከውስጥ ያየነው ምልክት ክምችቱ ማለቁ ብቻ አልነበረም፤ ዘወትር የሚፈለገው ተራ ዕቃ ጠፍቶ ማንም የማይጠይቀው ዕቃ መደርደሪያውን ሁሉ እንዲሸፍን ወደ ፊት ይሳብ ነበር። ጠያቂ ሆይ፣ ከደንበኞቻችሁ ቅርንጫፎች ወደ ሁለቱ ወይም ሦስቱ በእግርዎ ሄደው ይመልከቱ፤ በተለይ ከዋናው ከተማ ራቅ ወዳሉት፣ ምክንያቱም ክምችት ሲያጥር የሚቀነስባቸው እነርሱ ናቸው።

ሠራተኛውንም አንርሳ። ዉልዎርዝስ ሲዘጋ ከ20 ያነሱ ሠራተኞች በነበሩባቸው ቅርንጫፎች የሚሠሩት፣ ያለ ቅድሚያ ምክክር ለተባረሩት ለሌሎቹ የተሰጠውን ካሣ አላገኙም፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2015 አሠራሩን አጽድቆታል። አንድ መደብር ሥር አብረው የሠሩ ሰዎች በቅርንጫፋቸው ስፋት መለያየታቸው አሁንም ያንገበግበኛል።

ጠያቂ፦ የዕቃ አቅራቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሽፋን ጣሪያውንና በክምችት ላይ የተመዘገበውን መያዣ ከነገ ጀምሮ እመለከታለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ውላችን ውስጥ ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ የዕቃው ባለቤትነት የእኛ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ አለ። ደንበኛው ቢወድቅ ይህ ያድነናል?

መልስ፦ ዱቤ ተቆጣጣሪ

በከፊል ያድናችኋል። በ1976 በሮማልፓ ጉዳይ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ይህን ዓይነት አንቀጽ ከተቀበለ ወዲህ አቅራቢዎች ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን አንቀጹ ዕቃው ከመረከቡ በፊት በስምምነታችሁ ውስጥ የገባ መሆን አለበት፣ በደረሰኙ ጀርባ ላይ ብቻ መታተሙ አይበቃም። ዕቃችሁም ከሌላው አቅራቢ ዕቃ ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ ከተቻለ የትኛው ሣጥን በየትኛው ያልተከፈለ ደረሰኝ እንደተላከ ማሳየት ያስፈልጋል። መደብሩ በአስተዳዳሪ እጅ ከገባ ደግሞ ያለ አስተዳዳሪው ወይም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሄዳችሁ ማንሣት አትችሉም፤ በዚያው ዕለት በጽሑፍ ጥያቄያችሁን አቅርባችሁ ቆጠራ እንዲደረግ ጠይቁ። አስቀድሞ የተሸጠው ዕቃ ግን ወደ ገንዘብ ተለውጦ ሄዷል፤ ለእርሱ የምትሰለፉት ዋስትና ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ነው፤ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮም የግብር መሥሪያ ቤቱ ለአንዳንድ ግብሮች ከእናንተ ቀድሞ ይከፈለዋል።

ስለዚህ አንቀጹን ይዛችሁ፣ አጠራጣሪ ለሆኑት ደንበኞች የመኸሩን ጭነት በአንድ ጊዜ ከመላክ ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍላችሁ ላኩ፤ ያለፈው ሲከፈል የሚቀጥለው ይጫን። ለአለቃዎ ከስም ዝርዝር ይልቅ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «ከዚህ በላይ አንሰጥም» የሚል የገንዘብ ልክ ያቅርቡላቸው፤ ልኩንም ከኢንሹራንሱ ጣሪያ ጋር በየወሩ ያስተካክሉት።