የተራራ ዝናብ መዝገብ፦ እውነተኛ ለውጥ ወይስ የመለኪያ ስህተት?

ጥያቄ፦ በተራራማ አካባቢ ካሉ ጣቢያዎች የ40 ዓመት መዝገብ አለኝ። በአንዱ ጣቢያ ዓመታዊው ድምር ድንገት ዝቅ ብሎ በዚያው ቀርቷል። ዝናቡ ቀንሶ ነው?

መልስ 1፦ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ስብራት መጀመሪያ መለኪያውን ያስጠረጥራል። የጣቢያውን ድምር ከጎረቤቶቹ አማካይ ጋር ከዓመት ዓመት እያጠራቀሙ በግራፍ ያስቀምጡ። መስመሩ በታጠፈበት ዓመት ጣቢያው ተዛውሮ፣ መለኪያው ተቀይሮ ወይም አጠገቡ ዛፍ አድጎ እንደሆነ ያጣሩ። በገላጣ ሸንተረር ላይ ነፋስ ጠብታውን ከመለኪያው አፍ ይነጥቃል፤ እንደ ብናኝ የሚወርድ በረዶ (ስኖው) ሲሆንማ ጉድለቱ ይብሳል።

መልስ 2፦ ከዚያ የማን-ኬንዳል (Mann-Kendall) ፈተና፣ ማለትም መዝገቡ ከጊዜ ጋር የመጨመር ወይም የመቀነስ አዝማሚያ እንዳለው የሚፈትሽ የስታቲስቲክስ ዘዴ፣ ይጠቀሙ፤ ጥቂት እጅግ ዝናባማ ዓመታት ብዙም አያዛቡትም። ድምሩ ብቻ ግን ያታልላል። ድምሩ ሳይቀየርም ዝናቡ ዘግይቶ ሊጀምር፣ በጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ ሊወርድ ይችላል። ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር የዘነበባቸውን ቀናት ለየወቅቱ ይቁጠሩ።

መልስ 3፦ ጣቢያዎቹን በአንድ አማካይ አይጨፍልቁ፤ ነፋስ የሚመታውና ከነፋስ የተከለለው ተዳፋት በተቃራኒ አቅጣጫ ሊለወጡ ይችላሉ።