ቤታችንን ለቀን በተጎታች ቤት ለመኖር ምን ቅድመ ዝግጅት ያስፈልገናል?

የአሌክሳንድሪያው፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ወገኖቼ። በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ የምኖር የ62 ዓመት ሰው ነኝ። ለ19 ዓመታት ረጅም ርቀት የጭነት መኪና በመንዳት ይህን ሰፊ አገር ከዳር እስከ ዳር ባቋርጠውም፣ ሁልጊዜ ሰዓት እየተቆጠረብኝ ስለነበር ቆሜ ያየሁት ቦታ ጥቂት ነው። ልጆቻችን ሥራ ይዘው ስለወጡ፣ እኔና ባለቤቴ ቤታችንን ሸጠን ፊፍዝ ዊል የሚባለውን፣ ፊቱ በፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚታሰረውን ተጎታች ቤት ከነጎታች ፒክአፑ በመግዛት፣ የብርዱን ወራት በአሪዞና፣ የሙቀቱን ወራት በሰሜን ተራሮች ለማሳለፍ አስበናል።

መንዳቱን እችለዋለሁ፤ የምጠይቃችሁ ስለ ኑሮው ነው። ቤቱን አሁን መሸጥ ይገባናል? ባለቤቴ ግሪን ካርድ ያላት ሲሆን የዜግነት ማመልከቻዋን በቅርቡ ልታስገባ ነው፤ ቋሚ አድራሻ ማጣታችን ይጎዳት ይሆን? ከዚህም ሌላ ባለቤቴ እንጀራዋን ራሷ መጋገር ትፈልጋለች፤ በምድረ በዳ የሐበሻ ሱቅ ስለማይገኝ ይህም ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሦስት ዓመት በመንገድ፦

ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ በዚህ ኑሮ ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ከእንጀራው ልጀምር፤ ምክንያቱም የምጣዱን ነገር የተረዳ ሰው የተጎታች ቤቱን መብራት ሁሉ ይረዳል።

በካምፕ ማረፊያዎች የሚገኘው መብራት ባለ 30 ወይም ባለ 50 አምፔር ነው። ባለ 30ው በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ያህል፣ በጣሪያው ላይ ያለው ማቀዝቀዣም እንዲሁ 1,500 ያህል፣ የውሃ ማሞቂያው ደግሞ 1,400 ያህል ስለሚወስዱ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ በጋገራ ቀን የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ማዞር ይኖርብዎታል። ባለ 50ው ሁለት መስመር ስላለው እስከ 12,000 ዋት ይሰጣልና ምርጫ ካለዎት እርሱን የሚቀበል ቤት ይግዙ። ያም ሆኖ በውስጥ ያለው እያንዳንዱ መስመር 15 ወይም 20 አምፔር ብቻ ስለሚሸከም፣ ምጣዱና ማይክሮዌቩ በአንድ መስመር ላይ መዋል የለባቸውም።

እኛ ግን ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ በውስጥ መጋገር ትተናል። የምጣዱ እንፋሎት በጠባብ ቤት ውስጥ መውጫ አጥቶ በመስኮቱና በአልጋው ሥር ስለሚጠራቀም፣ በብርድ ጊዜ ፍራሻችን ከሥሩ ሻግቶ አገኘነው። አሁን በማረፊያው የመብራት ምሰሶ ላይ ባለው ባለ 20 አምፔር ሶኬት፣ ወፍራም ባለ 12 ጌጅ ገመድ ተጠቅመን፣ የማረፊያውን ኃላፊዎች አስፈቅደን በደጅ እንጋግራለን። ቡናውንም የምንቆላው በደጅ ነው። መብራት በሌለበት የመንግሥት መሬት ላይ ሲያርፉ ግን ምጣዱን ይርሱት፤ አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሊትየም ባትሪ የሚይዘው 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ለአንድ ሰዓት ጋገራ እንኳ አይበቃም። በዚያ መሬት በአንድ ቦታ መቆየት የሚፈቀደውም በአብዛኛው 14 ቀን ነው። ስለዚህ አስቀድመው ጋግረው ይሂዱ።

ስለ ክብደት ለጭነት መኪና ሾፌር መምከር ድፍረት ቢመስልም አንድ ነገር ልጨምር። ከተጎታቹ ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶው በፒክአፑ ላይ ስለሚያርፍ፣ 14,000 ፓውንድ የሚመዝን ቤት እስከ 3,500 ፓውንድ ጀርባው ላይ ይጥልበታል። ብዙ ሻጮች «ይጎትተዋል» ሲሉ የመጎተት አቅሙን እንጂ የመሸከም አቅሙን አይነግሩዎትም። ስልሳ ጋሎን ውሃም ብቻውን 500 ፓውንድ ነው። ቤቱን ከሞሉ በኋላ በሚያውቋቸው የጭነት መኪና ሚዛኖች ላይ ያስመዝኑት።

የመጸዳጃ ቤቱን ታንክ ማፍሰሻ ክፍት አድርገው አይተዉት፤ ፈሳሹ እየሄደ ደረቁ ከሥር ይቆለላል። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ዘግተው ያቆዩት፤ ከዚያም እርሱን በመጀመሪያ፣ የመታጠቢያውን ውሃ ቀጥሎ ቢለቁ ቱቦው ይጠራል።

የግብር ሠራተኛዋ፦

ወንድሜ፣ እባክዎ ቤቱን ለመሸጥ አይቸኩሉ። ባልና ሚስት ግብራቸውን አብረው ሲያሳውቁ፣ ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን ዓመት በባለቤትነት ይዘው ከኖሩበት፣ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርሰው ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ይሆናል። ይህም ማለት ቤቱን አከራይታችሁ ብትወጡና ኑሮው ባይስማማችሁ ትመለሱበታላችሁ፤ ቢስማማችሁም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ብትሸጡት መብቱ አይቀርባችሁም። የኪራይ ገቢው ግን የትም ብትኖሩ ለቨርጂኒያ ግብር ይከፈልበታል፤ ቤቱ በየዓመቱ ያረጃል ተብሎ ከኪራይ ገቢው ላይ የተቀነሰላችሁም በሽያጩ ጊዜ ግብር ይከፈልበታል።

አድራሻን በተመለከተ፣ ብዙ መንገደኞች ደቡብ ዳኮታን፣ ቴክሳስን ወይም ፍሎሪዳን ይመርጣሉ፤ ሦስቱም የግዛት የገቢ ግብር የላቸውም። ደቡብ ዳኮታ በግዛቲቱ ውስጥ ያደሩበትን የአንድ ሌሊት ደረሰኝ ተቀብላ መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች። ለባለቤትዎ ግን ይህን አሁን አልመክርም። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በሚያመለክትበት ግዛት ቢያንስ ሦስት ወር የኖረ መሆን አለበት፤ ግሪን ካርድ ያለውም ሰው አድራሻ በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታው ነው። የአሻራና የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ በፖስታ መጥቶ ሳይደርሳት ቢቀር ብዙ ዓመት የጠበቀችው ጉዳይ ይበላሻል። ቃለ መሐላዋን ፈጽማ ፓስፖርቷን እስክትይዝ ድረስ ቨርጂኒያን አትልቀቁ።

የጤና ዋስትናችሁንም ፈትሹ፤ ከ65 ዓመት በፊት የሚገዛው ዋስትና ብዙውን ጊዜ ከግዛት ውጭ የሚሸፍነው ድንገተኛ ሕክምናን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መደበኛው ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን ጤና ዋስትና፣ በየትኛውም ግዛት፣ ሜዲኬርን ከሚቀበል ሐኪም ዘንድ ሁሉ ያገለግላል።

የአሌክሳንድሪያው፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምላሻችሁን ለባለቤቴ ሳነብላት የደጅ ጋገራው ደስ አሰኛት። የዜግነቱ ጉዳይ እስኪያልቅ መቆየቱን ተስማምተናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከእድራችንና ከቤተ ክርስቲያናችን መራቁን እንዴት ቻላችሁት?

ሦስት ዓመት በመንገድ፦

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የከበደን እርሱ ነው። የእድር መዋጯችንን ሳናቋርጥ እንከፍላለን፤ ለቅሶ ሲደርስ ግን መክፈል ሰው ፊት መቀመጥን አይተካም። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወዳጃችንን እናት ቀብር ከሞንታና ልንደርስበት አልቻልንም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የጉዟችንን መስመር የምናወጣው ትንሣኤንና መስከረምን ከማኅበራችን ጋር እንድንውል አድርገን ሲሆን፣ ለድንገተኛ የአውሮፕላን ትኬትም የማንነካው ገንዘብ ለብቻ አስቀምጠናል።

የሚጠብቁትን ጊዜ ግን በከንቱ አያሳልፉት፤ በጥር ወር አንድ ተጎታች ለሁለት ሳምንት ተከራይታችሁ፣ ምጣዱን ጭናችሁ፣ ብርዱ በሚጠናበት ቦታ ኑሩበት።

የአሌክሳንድሪያው፦

ጥር ላይ እረፍት አለኝ። እንከራያለን።