ጠበልና ኬሞ፦ አማቴን እንዴት ላስረዳቸው?

የአራት ኪሎዋ፦
የ6 ዓመት ልጄ ለደም ካንሰር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከጀመረ 2 ወሩ ነው። ፀጉሩ ትራሱ ላይ እየቀረ ነው፤ እሱ ግን «እንደ አያቴ መላጣ ሆንኩ» እያለ ይስቃል (እኔ ኩሽና ገብቼ አለቅሳለሁ)። አማቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወስጄ ጠበል ላጠጣው ብለው ቆርጠዋል። ሐኪሙ ደግሞ በሽታ የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ ወርዷል ብሏል። እምቢ ብል ሃይማኖት የለሽ ልባል ነው። ምን ትላላችሁ?

እማ ቢቱ፦
አይዞሽ እህቴ። ነጩ ሴል ሲወርድ ያልፈላ ውሃ፣ ጥሬ ወተት፣ ክትፎ ጭራሽ እንዳታስነኪው። እኛ ልጃችን ኬሞ ላይ እያለ የንስሐ አባታችንን ቤት ጠራናቸው፤ ጸሎት አድርሰው በመስቀል ዳሰሱት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ጠበል አላነሱም።

የፒያሳ ልጅ፦
ቴርሞሜትር አለሽ? ከሌለሽ ዛሬውኑ ግዢ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሩጪ። ሳትለኪ ፓራሲታሞል አትስጪው፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ታክሲ አጥተን ጎረቤት ነው ያደረሰን፤ አሁን የጎረቤቴን ስልክ ቁጥር በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

የአራት ኪሎዋ፦
ለአማቴ አነበብኩላቸው። «ቄሱ ከመጡማ ዳቦ ልድፋ» ብለው ተነሱ። እኔም ፋርማሲ ሳይዘጋ ልውጣ።