ፔኔሙንደ፦ መሬት ላይ ፈተና ያለፈ ሮኬት አየር ላይ ለምን ይበላሽ ነበር?

መምህር ዘማርቆስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ለሳይንስ ክበብ ልጆች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረው የጀርመን የሮኬት ሙከራ ጣቢያ፣ ስለ ፔኔሙንደ፣ እያዘጋጀሁ ነው። እዚያ የተሠራው የጦር ሮኬት፣ የኤ-4 (በሌላ ስሙ ቪ-2)፣ ነዳጅ ለምን ንጹሕ አልኮል አልሆነም? ሞተሩ ታስሮ ተፈትኖ ካለፈስ ከተተኮሰ በኋላ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

የጣና ዳር፦
መምህር፣ ነዳጁ 75 በመቶ ኤታኖል፣ ቀሪው ውኃ ነው። ውኃው የገባው የእሳቱን ሙቀት እንዲያበርደው ነው፤ ያለሱ የማቃጠያ ክፍሉን ብረት ማዳን ይከብዳል። አልኮሉ ከመቃጠሉ በፊት በክፍሉ ድርብ ግድግዳ መካከል ያልፋል፤ ጥቂቱም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሰርጎ ግድግዳውን በስሱ ይሸፍናል። (የእኛ ዳግም አረቄ አይሆንም፤ ውኃው ይበዛል።)
3.8 ቶን ገደማ አልኮልና 4.9 ቶን ገደማ ፈሳሽ ኦክስጅን በ65 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ይህን የሚገፋው ፓምፕ በእንፋሎት ተርባይን ይዞራል፤ እንፋሎቱ የሚገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ ፈሳሽ ፐርማንጋኔት ከተባለ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ነው። ኦክስጅኑ በ-183 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀድሞ ከተሞላ ይተናል፤ መተኮሱ በዘገየ ቁጥር ይጎድላል።

ብረት ሠሪው፦
ሁለተኛውን ልመልስ። ሞተሩ ታስሮ የሚፈተንበት የፔኔሙንደ የሙከራ መድረክ 7 ዙሪያውን በአፈር ግንብ የተከበበ ነበር፤ ነበልባሉም በውኃ በሚቀዘቅዝ ቦይ ይወጣል። እዚያ ግፊትን፣ የነዳጅ ፍሰትንና ሙቀትን መለካት ይቻላል። ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲበር የሚመታውን አየር ግን መድረክ ሊያሳይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1942 የሰኔውና የነሐሴው ሙከራ ከሽፈው፣ ኦክቶበር 3 ላይ የተተኮሰው 190 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። በኋላ ፖላንድ ብሊዝና ላይ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ወደ አየር ተመልሶ ሲገባ ቆርቆሮው በሙቀትና በግፊት እየተቀደደ መሬት ሳይደርስ ይበታተናል። የፊት ክፍሉን ልባስ ማጠናከር ችግሩን በእጅጉ አቃለለው።

የጣና ዳር፦
ሙከራው ወደ ብሊዝና የሄደው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1943 ሌሊት ወደ 600 የሚጠጉ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይዎች ፔኔሙንደን ደበደቡ። የሞተሩ ዋና ንድፍ አውጪ ቫልተር ቲል ሞተ፤ ዒላማውን ለማሳየት ከአየር ከተጣሉት ምልክቶች አንዳንዱ ስለተሳሳተ ቦምቡ የግዳጅ ሠራተኞቹን የትራሰንሃይደ ካምፕ መታ፣ ብዙዎችን ገደለ። የሮኬቱ ምርት በጀርመን ኖርድሃውዘን ከተማ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ገባ፤ በዚያ የዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች በሺዎች አለቁ። መምህር፣ የቴክኒኩን ክፍል ብቻ አስተምረው ይህን እንዳይዘሉት።

ብረት ሠሪው፦
ርቀቱንም ካርታ ላይ ያሳዩአቸው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቪ-2 የሚደርሰውም እስከዚያው ነበር፣ በ5 ደቂቃ አካባቢ።