የይለፍ ቃል ስቀበል ኢኮው (የሚጻፈውን ፊደል ስክሪን ላይ የሚያሳየው ቅንብር) ጠፍቶ ይቀራል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። በሲ (C) ቋንቋ የምጽፈው ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የምሠራው ሊኑክስ ላይ ነው። የይለፍ ቃል የሚቀበለውን ጌትፓስ (getpass) የተባለ ፋንክሽን መመሪያው ራሱ ጊዜው ያለፈበት ስለሚለው ትቼዋለሁ። በምትኩ የተርሚናሉን ቅንብር በቲሲጌትአትር (tcgetattr) አንብቤ አስቀምጬ፣ የኢኮ ቢቱን አጥፍቼ፣ በቲሲሴትአትር (tcsetattr) እቀይረዋለሁ፤ ቃሉን በኤፍጌትስ ካነበብኩ በኋላ የድሮውን እመልሳለሁ። ጥያቄው ሳይታይ እንዳይቀርም ከፕሪንትኤፍ ቀጥሎ ኤፍፍላሽ አለ። እስከዚህ ሸጋ ነው።

ችግሩ ተጠቃሚው ቃሉን እየጻፈ ኮንትሮል ሲ ሲጫን ነው። ፕሮግራሙ ይሞታል፣ ኢኮው ግን እንደጠፋ ነው፤ ከዳሽ ሼል (ትእዛዝ መቀበያው ፕሮግራም) ካስነሳሁት ከዚያ በኋላ የምጽፈው ፊደል ሁሉ አይታይም። በጭፍን «ስቲቲዋይ ሴን» (stty sane፣ ተርሚናሉን ወደ ደህና ቅንብር የሚመልስ ትእዛዝ) ብዬ አስተካክለዋለሁ፤ ይህን ከተጠቃሚ መጠበቅ ግን ግፍ ነው።

ሲግኢንትን (ኮንትሮል ሲ የሚልከውን ሲግናል) በሲግአክሽን ይዤ ቅንብሩን ሃንድለሩ (ሲግናሉ ሲመጣ የሚጠራው ፋንክሽን) ውስጥ ልመልስ አስቤያለሁ፤ ፖዚክስም (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ቲሲሴትአትርን እዚያ ውስጥ መጥራት ይፈቅዳል። ግራ የገባኝ ፕሮግራሙን ለጊዜው የሚያቆመው ኮንትሮል ዜድ ነው፦ ሲቆም ኢኮውን ከመለስኩ፣ በኤፍጂ (fg) ትእዛዝ ሲቀጥል እንደገና የማጠፋው የት ላይ ነው? በሲግኮንት (ፕሮግራሙ ሲቀጥል የሚደርሰው ሲግናል) ሃንድለር ውስጥ? ወይስ ንባቡ እስኪያልቅ ሲግናሎቹን አግዶ መቆየት ይሻላል? የሠራ ሰው ካለ አጭር ኮድ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።